በጦር ሜዳ መካከል የማለፍ ፈቃድ፦ በጦርነት ዘመን አንበጣን ለመከላከል የተደረገ ትብብር

የበረሃ አንበጣና ጦርነት በአንድ አገር ላይ በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ምን ማድረግ ይቻላል? ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የገባው መንጋ ከምሥራቅ እስከ ሰሜን ማሳ ሲያራቁት ከረመ። በ2013 ዓ.ም. መኸር ደግሞ ገበሬው የተረፈውን እህል አጭዶ ሳይከምር የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሰላም ከሌለ አንበጣን መከላከል አይቻልም ብሎ ደመደመ።

ታሪኩ ሲመረመር ይህ ድምዳሜ ግማሽ እውነት ሆኖ ይገኛል። በአንበጣ ላይ ከተካሄዱት ታላላቅ ዓለም አቀፍ ትብብሮች አንዱ የተወለደው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት ነው። ያኔ እንግሊዝ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሕንድ፣ ኢራን፣ ግብፅና ሳዑዲ ዐረቢያ በአንድ ጉዳይ ተገናኝተው ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ግን ከዚያ እጅግ ያነሱ ጦርነቶች የአንበጣ ባለሙያን ከመንገዱ አስቀርተውታል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ክር እሱን ነው። መርዙም፣ አውሮፕላኑም፣ ገንዘቡም ያስፈልጋሉ፤ ከሁሉ የሚቀድመው ግን አንበጣው ወደሚራባበት መሬት የመግባት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በተገኘበት ቦታ በጦርነት መካከልም ሥራው ተሠርቷል፤ በጠፋበት ቦታ ደግሞ መንጋው ሳይነካ አልፏል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜ የማይሰጥ ጠላት

ነገሩን ለመረዳት ከነፍሳቱ ጠባይ መጀመር ይሻላል። የበረሃ አንበጣ ዝናብ በሌለበት ዘመን በየበረሃው ተበታትኖ፣ ብቻውን፣ ማንንም ሳይጎዳ ይኖራል። ይህ መኖሪያው ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ የተዘረጋ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደረቅ ምድር ነው። በረሃው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሴቲቱ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ ኩብኩባው ይፈለፈላል፤ ቁጥሩ ሲበዛና ሲጨናነቅ ጠባዩ፣ መልኩ፣ አካሄዱ ሁሉ ይለወጣል። ብቸኛው ፍጡር መንጋ ይሆናል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ከነፋስ ጋር በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚበላውም የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ለትብብር ጥያቄ መሠረት ነው። አንበጣን በቀላሉ መግታት የሚቻለው ኩብኩባ ሳለ፣ ገና መሬት ላይ እየዘለለ ነው። ያ ዕድሜ ከአንድ ወር ብዙ አይበልጥም። በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ ነፍሳቱ ያለው ሰው በማይኖርበት በረሃ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር ግዛት ውስጥ ነው። እህሉ የሚጠፋበት ገበሬና ኩብኩባው የሚፈለፈልበት መሬት በአንድ መንግሥት ሥር አይገኙም። ስለዚህ የወሎ ገበሬ መከር በየመን በረሃ በሚሠራ ወይም በማይሠራ ሥራ ይወሰናል።

ይህን ዕውቀት ለዓለም ያስጨበጠው በያኔው የሩሲያ ኢምፓየር የተወለደው የነፍሳት ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። ኡቫሮቭ በካውካሰስ ሲሠራ ቆይቶ በ1920 ወደ ለንደን ሄደ፤ በማግሥቱ ዓመትም ብቸኛውና መንጋው አንበጣ ሁለት ዓይነት ፍጡሮች ሳይሆኑ የአንዱ ዝርያ ሁለት ጠባዮች መሆናቸውን የሚገልጸውን ጽንሰ ሐሳብ አሳተመ። ይህ ግኝት የመከላከልን ትርጉም ለወጠ። መንጋ ከየትም የሚወርድ መቅሠፍት ካልሆነና ከታወቁ መራቢያ ስፍራዎች የሚነሣ ከሆነ፣ ስፍራዎቹን ማሰስና መንጋው ሳይነሣ መቅደም ይቻላል።

በ1930ዎቹ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ መንግሥታት ተሰበሰቡ። ሮም በ1931፣ ፓሪስ በ1932፣ ለንደን በ1934፣ ካይሮ በ1936፣ ብራስልስ በ1938 ዓለም አቀፍ የአንበጣ ጉባኤዎች ተካሄዱ። በለንደን በኡቫሮቭ የሚመራ ማዕከል ከየአገሩ የሚላከውን ወሬ እየሰበሰበ በካርታ ላይ ያሰፍር ጀመር። ግን የዘመኑ ፖለቲካ በዚያው ጉባኤ ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ በ1936 በፋሽስት ኢጣሊያ ተይዛለች፤ የአንበጣው መራቢያ የሆኑት ኦጋዴንና የቀይ ባሕር ዳርቻ በቅኝ ገዥዎች ካርታ ተከፋፍለዋል። በብራስልስ አብረው የተቀመጡት መንግሥታትም ሁለት ዓመት ሳይሞላ እርስ በርስ መዋጋት ጀመሩ።

የእህል ጭንቀት የወለደው ትብብር

ከ1940 እስከ 1941 ባለው ጊዜ አዲስ የበረሃ አንበጣ ወረርሽኝ ተነሣ። ጊዜው ከዚህ የባሰ ሊሆን አይችልም ነበር። ሜዲትራኒያን ለንግድ መርከብ ተዘግቷል፤ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄድ ጭነት አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞር ነበረበት። በካይሮ በሚያዝያ 1941 የተቋቋመው የመካከለኛው ምሥራቅ የአቅርቦት ማዕከል ሥራው ለእያንዳንዱ አገር የሚገባውን ዕቃ መመጠንና የመርከብ ቦታ ለጦር መሣሪያ እንዲተርፍ ማድረግ ነበር። በ1942 አሜሪካ ተጨመረችበት። የማዕከሉ ስሌት ግልጽ ነው፤ አካባቢው የራሱን እህል ካላበቀለ፣ ታንክ መጫን የነበረበት መርከብ ስንዴ ይጭናል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንበጣ የግብርና ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጦር ጉዳይ ሆነ። በኢራቅ፣ በሶሪያ ወይም በኢራን መከሩ በመንጋ ቢበላ ረሃብ ይከተላል፤ ከጦሩ ጀርባ ሁከት ይነሣል፤ መርከቦቹም ወደ እህል ይዞራሉ። ስለዚህ በዚያው ዘመን የመካከለኛው ምሥራቅ ፀረ አንበጣ ክፍል ተቋቋመ። በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ደግሞ ናይሮቢን መቀመጫው ያደረገ ሌላ መምሪያ ሥራውን ያዘ። ኡቫሮቭ ከለንደን ሆኖ የሁሉንም ወሬ እያገናኘ መንጋው ወዴት እንደሚያመራ ይተነብይ ነበር።

በጣም የሚያስገርመው የኢራን ገጽ ነው። በነሐሴ 1941 እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ከደቡብና ከሰሜን ገብተው ያዟት። ሁለቱ ለዘመናት በዚያች ምድር ሲፎካከሩ የኖሩ ኃይሎች ናቸው፤ ኢራናውያንም ሁለቱንም የሚያዩት በወራሪነት ዓይን ነበር። ይህ ሁሉ እያለ የሶቪየት አውሮፕላኖችና የነፍሳት ባለሙያዎች በኢራን አንበጣን ለማጥፋት ተሰማሩ፤ ከሕንድ የመጡ ቡድኖችም በኢራንና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሠሩ። ሕንድ በ1939 የአንበጣ ማስጠንቀቂያ ድርጅት አቋቁማ ስለነበር ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሯት። መንጋ ከኢራን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቢበር ሕንድን፣ ወደ ሰሜን ቢበር የሶቪየት መካከለኛ እስያን ይመታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኃይል ለራሱ እህል ሲል በሌላው በኩል የሚሠራውን ሥራ ይፈልገው ነበር። መተማመን ባልነበረበት ቦታ ትብብሩን ያቆመው ይህ የጋራ ጥቅም ነው።

የሥራው መሣሪያ ዛሬ ሲታይ ጥንታዊ ነው። ፉርሽካ በሶዲየም አርሴናይት ይለወስና ኩብኩባው በሚሄድበት መንገድ ላይ ይበተናል። ፉርሽካው በየበረሃው መጋዘን አስቀድሞ መከማቸት ነበረበት፤ የጭነት መኪና፣ ነዳጅ፣ ጎማና ውኃ የሚገኘውም ከጦሩ ብቻ ነበር። በሌላ ጊዜ ሊታሰብ የማይችል የመጓጓዣ ኃይል ለአንበጣ የተለቀቀው ጦርነቱ ራሱ በፈጠረው ችግር ምክንያት ነው።

በረሃውን የከፈተው ፈቃድ

ከጠቅላላው ዘመቻ የምንማረው ትልቁ ነገር የሚገኘው በዐረብ ምድር ነው። የመራቢያ ስፍራው ዋና ክፍል ያለው በሳዑዲ ዐረቢያ ነበር፤ ሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ የማንም ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ንጉሥ ኢብን ሳዑድ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎችና የውጭ ዜጎች በግዛታቸው ውስጥ እንዲዘዋወሩ ሊፈቅዱ ይገባ ነበር። የበረሃው ዘላን ሕዝብ ጥርጣሬም ቀላል አልነበረም። ያ መርዝ የተለወሰ ፉርሽካ ግመሎቻችንን ይገድላል ወይ? እነዚህ ሰዎች የመጡት ለአንበጣ ነው ወይስ ለነዳጅ ዘይት፣ ወይስ ምድራችንን ለመለካት? አርሴኒክ ከብት የሚገድል መርዝ ነውና ስጋቱ መሠረት ነበረው።

ፈቃዱ ተገኘ። ከ1943 ጀምሮ ትላልቅ ቡድኖች በተሽከርካሪ ሰልፍ ወደ ዐረቢያ በረሃ ገብተው ኩብኩባን በመራቢያው አጠቁ። ቡድኖቹ በንጉሡ ወኪሎችና በየአካባቢው ሹማምንት በኩል ከሕዝቡ ጋር መነጋገር ነበረባቸው፤ መርዙ የት እንደሚበተን ለእረኞች ሳይነገር ሥራው አይሄድም ነበር። እዚህ ላይ የሚታየው፣ ፈቃድ ማለት በአንድ ቤተ መንግሥት የሚፈረም ወረቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ ፈቃድ ከንጉሥ ይገኛል፤ ሌላው በየጉድጓዱ አፍ ከግመል እረኛ ይለመናል። ሁለተኛው ካልተገኘ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም።

ይህን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ። በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1941 ከኢትዮጵያ አርበኞች ጎን ሆኖ በጎጃም ዘመቻ ተዋግቷል፤ በኋላም በደሴ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። በ1945 አዲስ አበባ ውስጥ የፀረ አንበጣ ክፍሉ ኃላፊ ኦ. ቢ. ሊን አገኘውና በዐረቢያው ሩብ አልኻሊ የአንበጣ መራቢያ ስለመኖሩ እንዲያጠና ቀጠረው። ቴሲጀር ሰፊውን በረሃ በግመል ያቋረጠው በዚህ ሥራ ነው። ራሱ እንዳልሸሸገው ለእሱ የአንበጣው ጥናት ወደ ዐረቢያ መግቢያ ቁልፍ ነበር። አንበጣ ለሌላ እንግዳ የማይከፈተውን በር ከፍቷል፤ በዚያው ልክም የበረሃው ሰው «ይህ ሰው በእርግጥ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ምክንያት ሰጥቷል። በአንበጣ ስም የሚገኝ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ከዋለ፣ የሚቀጥለው የአንበጣ ባለሙያ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።

ዘመቻው ምን ያህል ተሳካ? ወረርሽኙ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ቆይቶ ከሰመ። አንበጣን ዝናብና ነፋስም ስለሚያነሡትና ስለሚጥሉት፣ ምስጋናውን በሰውና በተፈጥሮ መካከል በትክክል ማካፈል አስቸጋሪ ነው። የተረጋገጠው ነገር በአካባቢው የተፈራው በአንበጣ የመጣ ሰፊ ረሃብ አለመከሰቱ፣ መራቢያ ስፍራዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት መታሰሳቸው፣ ባላንጣ መንግሥታትም የአንበጣን ወሬ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ መታየቱ ነው።

ሥራውን ያቀለለው ግን አንድ ክፉ ነገር መሆኑን መደበቅ አይገባም። ከግብፅ እስከ ሕንድ፣ ከኬንያ እስከ ኢራን የነበረው ምድር አብዛኛው በአንድ ኢምፓየር እጅ ወይም በጦሩ ቁጥጥር ሥር ነበር። ነጻ በወጣችው ኢትዮጵያ እንኳ ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይቷል። አንድ ትእዛዝ ከካይሮ ወጥቶ በብዙ አገር ይፈጸም ነበር። ሕዝቦች ነጻ ሲወጡ ያ የትእዛዝ ሰንሰለት እንደሚገባው ተበጠሰ፤ በእሱ ቦታ በእኩልነት የሚፈረም ውል መተካት ነበረበት።

ከትእዛዝ ወደ ውል

ውሉ ቀስ በቀስ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማስተባበሩን ሥራ ያዘ። ለኢትዮጵያ ትምህርት የሆነው 1958 ነበር፤ በዚያ ዓመት አንበጣ ያጠፋው እህል 167,000 ቶን፣ ማለትም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ የሚሆን እንደነበር ተገምቷል። በነሐሴ 1962 አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት ተፈረመ። ድርጅቱ መጀመሪያ አስመራ፣ በኋላ አዲስ አበባ ተቀመጠ። በ1964 ደግሞ አፍጋኒስታንን፣ ሕንድን፣ ኢራንንና ፓኪስታንን ያቀፈ ኮሚሽን ተመሠረተ።

ይህ የመጨረሻው ኮሚሽን በተለይ ሊታይ ይገባዋል። ሕንድና ፓኪስታን በ1965፣ በ1971 እና በ1999 ተዋግተዋል። የራጃስታንና የሲንድ በረሃ ግን ለአንበጣ አንድ መራቢያ ነው። የሁለቱ አገሮች የአንበጣ ሹማምንት በድንበሩ ላይ፣ በሙናባኦና በኾክራፓር፣ በአንበጣው ወራት እየተገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ልማድ ተመሠረተ። በ2020 ወረራው ሲበረታ ሕንድ ለፓኪስታንና ለኢራን ትብብርና መርዝ አቀረበች፤ ኢራን ተቀበለች። የፖለቲካው ግንኙነት ሻክሮ እንኳ በዝቅተኛ ደረጃ፣ በስም በሚተዋወቁ ባለሙያዎች መካከል የተጀመረ ልማድ ሊቀጥል እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1977 እና በ1978 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ተዋጉ፤ ሁለቱም የአንዱ የአንበጣ ድርጅት አባላት ነበሩ። በዚያው ጊዜ አንበጣ ተነሣ፤ ባለሙያው መግባት የነበረበት መራቢያም የውጊያው ሜዳ ራሱ ነበር። ከ1986 እስከ 1989 በነበረው ታላቅ ወረርሽኝ ደግሞ በኤርትራና በትግራይ ጦርነት ነበር፤ የመንግሥት ባለሙያ፣ መንግሥትን የሚወጉት ግንባሮች በያዙት መሬት ሊሠራ አይችልም ነበር። ለተራበው ሕዝብ የእህል ርዳታ በሱዳን በኩል እየተሻገረ በገባበት ዘመን፣ እህሉን ከማሳው ላይ ለማዳን የሚያስችል የጋራ ስምምነት አልተገኘም። ረሃብ ከደረሰ በኋላ ርዳታ ማሳለፍን የምንቀበል፣ ረሃቡን የሚያመጣውን መንጋ የሚያስቆም ሰው እንዲያልፍ ግን የማንፈቅድ ሆነን ኖረናል። ይህ የህሊና ጉዳይ ነው።

የፈቃድ እጦት በምዕራብ ሰሐራም የሰው ሕይወት ቀጥፏል። በታኅሣሥ 1988 ለአንበጣ ርጭት በኪራይ የተወሰዱ ሁለት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከዳካር ወደ አጋዲር ሲበሩ የፖሊሳሪዮ ተዋጊዎች የሞሮኮ ጦር አውሮፕላኖች መስለዋቸው ሚሳኤል ተኮሱ። አንደኛው ወድቆ አምስት ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኖቹ ለሁሉም ወገን የሚጠቅም ሥራ ሊሠሩ የሚሄዱ ነበሩ፤ ይህን ግን ከመሬት ሆኖ ወደ ሰማይ የሚያነጣጥረው ሰው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

ከሩብ አልኻሊ እስከ ትግራይ

በቅርቡ ያየነው ወረርሽኝ የዚህ ሁሉ ታሪክ ድምር ነው። በግንቦት 2018 መኩኑ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በጥቅምት ደግሞ ሉባን፣ ሩብ አልኻሊን በዝናብ አረሰረሱት። አንበጣው ማንም ባልደረሰበት በረሃ ሦስት ትውልድ ተራባ። ቀጥሎ የመንን አገኘ። የመን በጦርነት ላይ ነበረች፤ የአንበጣ መከላከሉ ሥራ በሰንዓና በኤደን አስተዳደሮች መካከል ተከፍሏል፤ ብዙው መራቢያ ሊደረስበት አልቻለም። በ2019 ክረምት መንጋው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በጥር 2020 ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስታወቱን አንበጣ ሸፍኖበት አዲስ አበባ ለማረፍ ተገደደ።

በ2020 የወጣው የመንግሥትና የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ግምገማ በኢትዮጵያ ወደ 200,000 ሔክታር የሚጠጋ የእህል ማሳ መጎዳቱን፣ ከ3.5 ሚሊዮን ኩንታል በላይ እህል መጥፋቱንና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የምግብ ርዳታ እንዳስፈለገው አስታወቀ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መንጋው በአማራና በትግራይ በሚደርሰው ማሽላ ላይ ወረደ። ገበሬው በጅራፍ፣ በጣሳ፣ በጩኸት ሊያባርር ሞከረ፤ ወጣቶች ከከተማ ወጥተው አጨዳ አገዙ። በዚያው ወር ጦርነቱ ተጀመረ፤ በትግራይ የነበረው የመከላከል ሥራም ተቋረጠ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አብሮ አንበጣ ያባርር የነበረ ሕዝብ በጦር ግንባር ተከፈለ።

እዚህ ላይ አንድ የቀን መገጣጠም ልብ ይነካል። የጸጥታው ምክር ቤት ረሃብን የጦር መሣሪያ ማድረግን የሚያወግዘውንና የሰብአዊ ርዳታን መንገድ መዝጋትን የሚኮንነውን ውሳኔ ቁጥር 2417 ያጸደቀው ግንቦት 24 ቀን 2018 ነው። መኩኑ የኦማንን ዳርቻ የመታው በማግሥቱ ነበር። ሕጉ በእጃችን ነበር፤ አንበጣውም መራባቱን በዚያው ሰሞን ጀመረ። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ የአንበጣ ባለሙያና አውሮፕላን እንደ ርዳታ ሠራተኛ እንዲያልፉ የሚያዝ አንድ አንቀጽ ግን በየትኛውም የተኩስ አቁም ስምምነታችን ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የሚቀረው ሥራ

ከ1942 እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ላይ ሲነበብ የሚነግረን የተወሰኑ ተጨባጭ ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ የመተላለፊያ ፈቃድ በሰላም ጊዜ መጻፍ አለበት። ኩብኩባው የሚሰጠን አንድ ወር ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚዋጉ ወገኖችን አደራድሮ፣ ፈርሞ፣ ተሽከርካሪ ማስገባት አይቻልም። የቀጠናው መንግሥታት በአንበጣ ድርጅታቸው ስምምነት ላይ፣ ጦርነት ቢነሣ እንኳ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚገቡ የሚደነግግ አንቀጽ ሊጨምሩ ይገባል። በአገር ውስጥ በሚደረግ የተኩስ አቁምም ላይ ይኸው ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የርጭት አውሮፕላን ከሩቅ የሚለይ ምልክት፣ አስቀድሞ የሚነገር የበረራ መስመርና ሁሉም ወገን የሚያውቀው የመገናኛ ሞገድ ያስፈልገዋል። በ1988 የሞቱት አምስት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ይህን ለማስተማር በቂ ነበር። ሦስተኛ፣ አውሮፕላን በማይገባበት ቦታ ሰው ይገባል። እረኛው ከማንም በፊት ኩብኩባን ያያል። በ2020 የተዘጋጀው የእጅ ስልክ መተግበሪያ ማንም ሰው ያየውን አንበጣ ከነቦታው እንዲልክ ያስችላል፤ አንበጣንና ፌንጣን ብቻ የሚገድለው የፈንገስ መድኃኒትም በሶማሊያ በስፋት ተሠርቶበታል። ከብት የማይገድል መድኃኒት ከእረኛው ፈቃድ ለማግኘት ከአርሴኒክ እጅግ ይቀላል።

አራተኛውና የሚከብደው እምነት ነው። ለአንበጣ የተሰጠ ፈቃድ ለአንበጣ ብቻ መዋል አለበት። በርጭት ስም ስለላ፣ በአሰሳ ስም የጦር ቅኝት ከተደረገ፣ ያ በር ለትውልድ ይዘጋል። ስለዚህ አሰሳውን ሁሉም ወገን ለሚቀበለው ቀጠናዊ አካል መስጠትና ውጤቱን ለሁሉም እኩል ማካፈል ይበጃል። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት የምትታመሰው ሱዳንና ያልተረጋጋችው የመን የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻዎች ይዘዋል፤ ሁለቱም ዋና መራቢያዎች ናቸው። ቀጣዩ ጥሩ ዝናብ በእነዚያ ዳርቻዎች ሲወርድ የሚጠይቀን ማንን እንደምንደግፍ አይደለም፤ ባለሙያው ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን ነው።

በ1942 የነበሩት መንግሥታት አልተዋደዱም። ብዙዎቹ የሰው አገር ገዥዎች ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ወደ ጥላቻቸው ተመለሱ። የአንዱ ረሃብ የሌላውም ኪሳራ መሆኑን በማስላት ብቻ ያንን ያህል መሥራት ከቻሉ፣ አንድ ገበያ የምንገበያይ፣ በአንድ ወንዝ የምንጠጣ፣ በአንድ መንጋ የምንራብ ሕዝቦች ከዚያ ያነሰ ልናደርግ አይገባም። ፈቃዱን አሁን እንጻፈው፤ የእህሉ ባለቤት በየትኛውም ግንባር ያለ ገበሬ ነውና።